አቮካዶው ገና ነው

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ቤዚ በጋምቤላ ከተማ ካለው በር ሁሉ አንዱን ብቻ ትፈራ ነበር፤ ከገበያው ጀርባ ያለውን፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን የነጋዴውን የአቶ ሱሌማንን የብረት በር። በዚያ መንገድ ማለፍ የግድ ሲሆንባት ባጃጅ ተሳፍራ፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነበር የምታልፈው። ዛሬ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ግን የወባ መከላከል ዘመቻው የቤት ዝርዝር ያንኑ በር አምጥቶ እጇ ላይ ጣለባት።

«ኛሬአት፣ በሞቴ ይሄን ቤት አንቺ ግቢልኝ» አለች፣ ወረቀቱን ለሥራ ጓደኛዋ እየዘረጋች። «ቀጣዩን እኔ እይዛለሁ።»

ኛሬአት የማታር ከተማ ልጅ ናት፤ ቁመቷ ጉበን የሚነካ፣ ንግግሯ አጭር፣ ሳቋ ረጅም። «አንድ ሰው ያያል፣ አንድ ሰው ይጽፋል። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ» አለቻት።

«ራሴን አሞኛል።»

«ራስሽን አይደለም። የት እንደሚያምሽ እኔ አውቃለሁ።» ሳቀችና በሩን ቆረቆረችው።

የቤዚ ሰውነት በላብ ተጠመቀ። ሙቀቱ ነው እንዳይባል፣ እጆቿ ቀዝቅዘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሊ የዚህ ቤት የበኩር ልጅ ነው፤ የአባቱን የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ቤዚ ደግሞ አባቷን በልጅነቷ ያጣች፣ የመምህርት እሙዬ አንድ ልጅ ናት። እሱ አርብ ከመስጊድ አይቀርም፣ እሷ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም። እንዲህም ሆኖ ሁለት ዓመት ተዋደዱ። ፍቅራቸውን የሚያውቁት ኛሬአትና የባሮ ወንዝ ብቻ ነበሩ።

ግንቦት ላይ ጁስ ቤት ቁጭ ብለው ሳለ ዓሊ አንገቱን ደፍቶ ነገራት። አባቱ በዓመቱ ውስጥ ሊድሩት አስበዋል፤ የአንድ የአጋሮ ነጋዴ ልጅም ታይታለታለች።

«ታዲያ ስለ እኔ ንገራቸዋ!» አለች ቤዚ።

«ጊዜ ስጪኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

ጁሱን በማንኪያ ማማሰል ጀመረ። ይህ ሲያናድዳት ብድግ አለችና ከጁስ ቤቷ ልጅ አንድ የአቮካዶ ዘር ለመነች። አጠበችው፤ ወገቡ ላይ ሦስት ስቴኪኒ ሰካችበት፤ ሰፊው ታቹ ውሃ እንዲነካ አድርጋ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አፍ ላይ አስቀመጠችው። ከቦርሳዋ የቁስል ፕላስተር ቆርጣ ጠርሙሱ ላይ ለጠፈችና «ግንቦት 3» ብላ ጻፈችበት።

«ይሄ እስኪበቅል ነው የሰጠሁህ» አለችው። «ውሃውን ደግሞ በየሳምንቱ ቀይርለት፤ አለዚያ ትንኝ ይፈለፈልበታል።» የወባ ሠራተኛ ስታፈቅር እንዲህ ነው።

ዓሊ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበላት። «ቅጠል ያወጣ ቀን ለአባቴ እነግራቸዋለሁ። ወላሂ!»

ሰኔ ላይ «በቀለ?» ብላ ጠየቀችው። «ገና ነው» አላት። ሐምሌ፣ ገና ነው። ነሐሴ፣ ገና ነው። ፎቶ ላክልኝ ስትለው «ሲበቅል ራሱን ይዤልሽ እመጣለሁ» እያለ አባበላት። አይ ቤዚ! ሰው ለልጅ ይሳላል፣ ለትዳር ይሳላል፤ እሷ ለአቮካዶ ዘር ብላ ለማርያም ሻማ ተሳለች። ዘሩ በቅሎ እሷ ወደኋላ እንዳትገኝም መስከረም አጋማሽ ላይ ለእናቷ ተናገረች። እሙዬ የሰማችውን ሰምታ «እኔን ቅበሪኝና አግቢው» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችላትም። ምሳዋን ከድና ታስቀምጥላታለች፤ አታናግራትም። እንዲህ ከሆኑ ሦስት ሳምንት አለፋቸው። ቤዚ ይህን ለዓሊ አልነገረችውም። እኔ ተናግሬያለሁና አንተም ተናገር ማለት ማስገደድ መስሎ ታያት። ቃል ገብቶልኛል፣ ዘሩ ሲበቅል ይናገራል ብላ በሙሉ ልቧ ታምን ነበር።

በሩ ተከፈተ። የዓሊ እናት ወይዘሮ ሰይዳ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉ።

«የወባዎቹ ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ! ቤቱ ተዝረክርኳል፣ አትዩብኝ።» ዓይናቸው ቁርጥ የዓሊን ነው። ቤዚ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሥራ መቼም ሥራ ነው። የበርሜሉን ክዳን ከፍተው በባትሪ አበሩ፤ በጭልፋ ቀድተው እጭ ፈለጉ። የዶሮዎቹን ማጠጫ ደፉ፣ ጓሮ የተጣለ ጎማ አገላበጡ። ኛሬአት ታያለች፣ ቤዚ ትጽፋለች፤ ብዕሩ ከጣቶቿ መሃል እየሾለከ አስቸገራት። ሳሎን ሲገቡ ወለሉ በዕቃ ተሞልቷል፤ አዲስ ጋቢ፣ ጥቅል ጨርቅ፣ በካርቶን የታሸገ ሽቶ።

«ሱቁ ወደ ቤት ገባ እንዴ?» አለች ኛሬአት።

«ኧረ የደስታ ነው! ነገ ሽማግሌ ወደ አጋሮ እንልካለን፤ ለልጄ ለዓሊ።»

ነገ! ቤዚ ክው አለች። ትናንት እኮ ደውላለት «የአጋሮው ነገርስ?» ስትለው «አባቴ የረሱት ይመስለኛል» ብሏታል። ኛሬአት ክርኗን ጨበጥ አደረገቻት። «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል ድምፅ ከሩቅ ተሰማት፤ ለካ የገዛ ድምጿ ነው።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ሰይዳ፤ ወዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ደስታ አለ ብለሽ ነው ልጄ። ሙሽራው እህል አይበላ፣ አይስቅ። ምን ሆንክ ብዬ ጠይቄ ጠይቄ ደከመኝ።»

ቤዚ ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር ነው ጠርሙሱን ያየችው።

ፕላስተሩ ወይቧል፤ «ግንቦት 3» የሚለው የእጇ ጽሑፍ ግን ይነበባል። ዘሩ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሥሩ ወርዶ ወርዶ የጠርሙሱን ውስጥ ሞልቶታል። ከስንጥቁ መሃል እርሳስ የሚያህል ግንድ ወጥቷል፤ ጫፉ ግን የለም፣ በምላጭ ተቆርጧል። ከቁርጡ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀንበጥ አቆጥቁጧል፤ እሱም ተቆርጧል። ከእሱ ታች ሌላ፣ ደግሞም ሌላ። አራት ቦታ ተቆርጧል።

«ይሄ መቼ ነው የበቀለው?» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«እሱማ ሰኔ ላይ ነው! ሙቀታችንን ታውቂው የለ። የዓሊ ነው፤ ውሃውን በየሳምንቱ እየቀየረ እንደ ሕፃን ነው የሚንከባከበው። ታዲያ ቅጠል ሊያወጣ ሲል በምላጭ ይቀነጥሰዋል። ምን አደረገህ፣ ተወው ይደግ ስለው ‹ገና ነው እማ፣ ገና ነው› ይለኛል።»

ገና ነው። ያንን ቃል ቤዚ ስንቴ ሰምታዋለች! ክረምቱን ሙሉ የዘሩን ስንፍና ስትረግም ከርማለች፤ ዘሩስ ጎበዝ ነበር። ሲቆርጡት ይበቅላል፣ ደግመው ሲቆርጡት ደግሞ ይበቅላል። ሰነፉ ሌላ ነው። ጠርሙሱን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው።

*

የግቢው በር ተንኳኳና አቶ ሱሌማን ገቡ። ከኋላቸው ዓሊ የስኳር ማዳበሪያ ተሸክሟል። ሳሎኑ በር ላይ ጫማውን አውልቆ ቀና ሲል ቤዚን አያት። ከዚያ በእጇ የያዘችውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤዚ እነዚያን ዓይኖች ስታይ ልቧ ይረጋ ነበር። አሁን የሚያያትን ሰው አላወቀችውም።

«እንዴት አረፈዳችሁ ልጆች» አሉ አቶ ሱሌማን። ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያዳምጣቸው ሽማግሌ ናቸው። «ጨረሳችሁ?»

«አንድ ቀርቶናል» አለች ቤዚ። «ይሄ ጠርሙስ ውሃ ይዟል። ቅጹ ላይ የባለቤቱን ስም መጻፍ አለብኝ። የማነው?»

«ለጠርሙስ ደግሞ ምን ቅጽ ያስፈልጋል? ድፉት! አቮካዶ እንደሆነ ገበያ ሞልቷል።»

«ባለቤቱ ይናገር አባቴ።»

ዓሊ ማዳበሪያውን እንደተሸከመ ቆሟል፤ ማውረድም የረሳ ይመስላል። ቤዚ ጠበቀች። ኛሬአትም ባትሪዋን ይዛ ጠበቀች። በቃ፣ የቤዚ ትዕግሥት እዚያ ላይ አለቀ።

«ዓሊ፣ ስንት ጊዜ ቆረጥከው?»

ስሙ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አስደነገጣት። አቶ ሱሌማን መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥለው እሷን አዩ።

«ትተዋወቃላችሁ?»

መልሱ የእሷ አልነበረም። ቤዚ ከንፈሯን ነክሳ በዓይኗ ለመነችው። ተናገር ዓሊ፣ አሁን ተናገር፤ ከዚያ የመጣው ይምጣ። የቆረጥከውንም ይቅር እልሃለሁ፣ ትናንት የዋሸኸኝንም ይቅር እልሃለሁ፤ ብቻ አሁን ተናገር።

«ሱቅ ትመጣለች» አለ ዓሊ ወለል ወለሉን እያየ። «ደንበኛ ናት።»

ደንበኛ! ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናቷን ያስከፋችው፣ ጎረቤት ምን ይላል ሳትል የተናገረችው፣ ለዚህ ቃል ነበር? እንባዋን ግን እዚያ ቤት ውስጥ ላለማፍሰስ ማለች። ወደ መስኮቱ ዞራ ውሃውን ወደ ውጭ ደፋችው። ስቴኪኒዎቹን ነቃቀለችና ዘሩን ከነሥሩ ለወይዘሮ ሰይዳ ሰጠቻቸው።

«አፈር ውስጥ ይትከሉት እናቴ። ውሃ ውስጥ ብዙ ቆየ።»

ወይዘሮ ሰይዳ ዘሩን ተቀብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ደንበኛ ናት?» አሉ። «ይሄን በቆረጥክ ቁጥር ጀርባህን ሰጥተኸኝ ስታለቅስ አይቼሃለሁ። ዓይኔ ላይ ብናኝ ገባ እያልክ! ለደንበኛ ነው እንዲያ የሚለቀሰው?»

ማዳበሪያው ከዓሊ ትከሻ ወርዶ ወለሉ ላይ ዷ አለ። ቤዚ በር ላይ ደርሳ ነበር፤ ቆመች።

«አባ» አለ ዓሊ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «እሷ ናት። ሁለት ዓመት ወድጃታለሁ። አጋሮ ሰው አይላኩ፤ ሌላ ሴት አላገባም።»

አቶ ሱሌማን ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አሉ።

«ክርስቲያን ናት?»

«አዎ።»

«ይሄንንም ከእናትህ አፍ እስኪወጣ ጠበቅህ? እኔ ለሰው ቃል ሰጥቼ፣ ሽማግሌ ለምኜ፣ ነገ መንገድ ሊጀምሩ ዛሬ?» አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። «የልጅቷን ነገር አላህ ያውቃል፤ ገና አስብበታለሁ። ፈሪ ልጅ ማሳደጌን ግን ዛሬ ነው ያወቅሁት። ከፊቴ ጥፋ!» ከዚያ ወደ ቤዚ ሳይዞሩ ጨመሩ። «አንቺም ልጄ፣ ሥራሽን ጨርሰሻል። ሂጂ።»

ቃሉ ቁጣ አልነበረበትም። ቤዚን ያመማትም እሱ ነው።

*

ኛሬአት የብረቱ በር ላይ በጠመኔ «ታይቷል» ብላ ጽፋ ሳትጨርስ ዓሊ እየሮጠ ወጣ። ጫማ እንኳ አላጠለቀም፤ የትናንቱ ዝናብ ያቦካው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው።

«ቤዚ! ተናገርኩ እኮ! ሰማሽኝ አይደል?»

ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ ከሸክም የተገላገለ ሰው ደስታ። ቤዚ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ቀን ቆጥራለች! ሲመጣ በደስታ የምታብድ ይመስላት ነበር። አሁን የተሰማት ድካም ብቻ ነው።

«ሰምቻለሁ» አለችው። «ተይዘህ ነው የተናገርከው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ኛሬአት ጠመኔዋን ኪሷ እየከተተች። ተረቱን ያስተማረቻት ቤዚ ነበረች። ብላውም ሁለቱን ትታ ወደፊት ራመድ አለች።

የዓሊ ደስታ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ፈራሁ ቤዚ። አባቴን ብቻ እንዳይመስልሽ። የበቀለ ቀን ሁላችሁንም የማጣ መሰለኝ፤ እነሱንም፣ አንቺንም። ገና ነው ስልሽ ግን አንቺ አለሽኝ። ትስቂብኛለሽ፣ ‹ዘርህ ሰነፍ ነው› ትይኛለሽ። ይቺን አንድ ሳምንት ብቻ ልጨምር፣ ደግሞ አንድ ሳምንት እያልኩ…»

«አንተ ሳምንት ስትጨምር እኔ እናቴን አጣሁ።»

«እንዴት?»

«ነግሬያታለሁ። መስከረም አሥራ አምስት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቤት እያደርን ቃል አልተነፈሰችልኝም።» ቤዚ ድምጿ እንዳይሰበር ታገለች፤ አልሆነላትም። «ማንም አልያዘኝም ዓሊ። ማንም ‹ማነው?› ብሎ አልጠየቀኝም። ራሴ ሄጄ፣ ፊቷ ቆሜ ነው ስምህን የጠራሁት።»

ዓሊ በቁሙ ደረቀ። ከዚያ እንባው ያለ ምንም ድምፅ ወረደ። ሰው ሲያልፍ ሲያገድም እያየው ነው፤ አልተደበቀም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ በመጨረሻ።

«በራስህ እንድትመጣ ፈልጌ።»

አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አልፎ ጭቃ ረጨባቸው፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«እናትሽ አሁን ቤት አለች?»

«አለች። የከሰዓት ፈረቃ ናት። ለምን ጠየቅከኝ?»

«እሄዳለሁ።»

«ሄደህ ምን ልትላት?»

«እሷ ብቻዋን ስትናገር እኔ ተደብቄ ነበር እላታለሁ።»

«ታባርርሃለች።»

«ታባርረኝ።»

«እሙዬን አታውቃትም፤ ትሰድብሃለች።»

«አንቺን ዝም ከምትልሽ እኔን ትስደበኝ።» እንባውን በክንዱ ጠረገ። «አብረሽኝ ነይ ቤዚ። መንገዱን እንኳ አሳዪኝ።»

ልቧ ሂጂ አላት። ክንዱን ይዛው ልትሄድ፣ ከፊት ቆማ ስድቡን ልትቀበልለት ፈለገች። ትወደዋለች፤ አሁንም ትወደዋለች፣ እሱ ነበር ጭንቁ።

«አይሆንም» አለች። «ከድልድዩ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ባለ አረንጓዴ መስኮት ነው። ብቻህን ሂድ።»

ሄደ። ገበያው ጥግ ላይ ሲደርስ ዞሮ አያት። ቤዚ በእጇም በራሷም ምልክት አልሰጠችውም። ተመልሶ ይመጣ ይሆን ብላ ፈራች። ዓሊ ግን ፊቱን አዞረና ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ውስጥ ገባ።

«ይደርሳል?» አለች ኛሬአት ተመልሳ ከጎኗ ቆማ።

«አላውቅም» አለች ቤዚ። እውነቷን ነው፤ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ አምስት ቤት ገቡ። ምን እንዳየች፣ ምን እንደጻፈች ብትጠየቅ አትናገርም። አንዴ ባዶውን በርሜል «ውሃ አለው» ብላ ጽፋ ኛሬአት አስጠፋቻት። ሰዓቷን በየደቂቃው ታያለች። አሁን ድልድዩን ተሻግሯል፤ አሁን ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው፤ ወይም ፈርቶ ባሮ ዳር ተቀምጧል። እንደገና ይዋሸኛል፣ «ሄጄ አጣኋት» ይለኛል ብላ አሰበች።

ስድስተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ስልኳ ጠራ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም «እሙዬ» ይላል።

ቤዚ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«እማ?» አለች።

«እዚህ ደጅ ላይ ጭቃ በጭቃ የሆነ ልጅ ቆሟል» አለች እሙዬ። ድምጿ ጎርነን ብሏል፤ የቆየ ቁጣ አለበት፣ ሌላም ነገር አለበት። «ሦስቴ አባረርኩት። የአፌንም ተናገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል እንጂ አልሄድ አለ። ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል።»

ቤዚ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አሁን ይሄን ልጅ ምን ላድርገው?» አለች እናቷ። «ውሃ ልስጠው?»

ቤዚ አዎ ልትል አፏን ከፈተች፤ የመጣው ግን ለቅሶ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሰው ያየኛል ሳትል ሳግ እየተናነቃት አለቀሰች። ሦስት ሳምንት የታፈነ ለቅሶ ነውና ቶሎ አላለቀም። እሙዬም እስኪያልቅላት ድረስ ስልኩን አልዘጋችም።